ዕድርና የዘመን ምርመራ

ማናቸውም ማኅበር በዙሪያው የሚለዋወጠውን ዘመን ካልመረመረ፥ ደንቡ ቢጸና እንኳ ጥቅሙ ይጐድላል። ለዚህ ምስክር የሚኾነው የአዲስ አበባ ዕድር ታሪክ ነው።

ዕድር በተለይ በጠላት ወረራ ዘመን፥ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም.፥ እንደ ተስፋፋ ተመራማሪዎች ጽፈዋል። ከየአገሩ ወደ ከተማ የመጣው ሕዝብ ከዘመዶቹ ርቆ ስለ ነበረ፥ ሬሳ የሚያነሣለትና ድንኳን የሚተክልለት ጎረቤት አስፈለገው። አባሉ በየወሩ ጥቂት ገንዘብ ያዋጣል፤ ዳኛው ይመራል፤ ጸሓፊው ይመዘግባል፤ ጥሩምባ ነፊው ሞትን ያስታውቃል።

ይህ ሥርዐት የተመሠረተው ሞት አልፎ አልፎ ይመጣል በሚል ግምት ነበረ። በአገሪቱ በ1986 እ.ኤ.አ. የታወቀው የኤድስ በሽታ ግን ግምቱን አፈረሰ። ቀብር ተደጋገመ፤ የብዙ ዕድሮችም ገንዘብ ተመናመነ። ከሟቾቹ ብዙዎቹ ልጅ የሚያሳድጉ ጐልማሶች ነበሩ። ስለዚህ የክፍያው መዝገብ ራሱ፥ ለሚያነበው ሰው፥ የዘመኑ ምልክት ኾነ።

በዚህ ጊዜ ክርክር ተነሣ። ለቀብር የተዋጣ ገንዘብ ለሌላ አይውልም የሚል ነበረ፤ ሕመምተኛውን በሕይወቱ መርዳት ይሻላል የሚልም ነበረ። በመጨረሻ ብዙ ዕድሮች ደንባቸውን አሻሽለው፥ በሽተኛን መጠየቅና ወላጅ የሌላቸውን ሕፃናት መርዳት ጀመሩ። መድኀኒቱ በነጻ መታደል የጀመረው በ2005 እ.ኤ.አ. ነው።

ይኹን እንጂ ምልክቱ የተነበበው ብዙ ሰው ከተቀበረ በኋላ ነው። ስለዚህ መዝገብ የሚይዝ ማኅበር ኹሉ መዝገቡን ለሒሳብ ብቻ ሳይኾን ለማስተዋልም ሊያነበው ይገባል።