የፋይበር ኦፕቲክ መስመሮች አቅምና የመረጃ ፍሰት አያያዝ

የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች አገልግሎታቸውን በኔትወርክ አማካይነት መስጠታቸው እየሰፋ በሄደ ቁጥር የመገናኛ መስመሮች አቅም የቴክኒክ ባለሙያዎች ጉዳይ ብቻ መሆኑ ይቀራል። መስመር ሲጨናነቅ ወይም ሲቆረጥ የክፍያ፣ የቪዲዮ ስብሰባና የመረጃ ቋት አገልግሎቶች በአንድ ጊዜ ይስተጓጎላሉ።

በከተሞችና በአገሮች መካከል ከፍተኛ መጠን ያለው መረጃ የሚተላለፈው በቀጭን የመስታወት ክር ውስጥ በሚጓዝ ብርሃን ነው። ቻርልስ ካኦና ጆርጅ ሆክሃም የጠራ መስታወት ለዚህ ተግባር ሊውል እንደሚችል እ.ኤ.አ. በ1966 በጥናት ያሳዩ ሲሆን፣ ካኦ በዘርፉ ላበረከቱት አስተዋጽኦ እ.ኤ.አ. በ2009 የፊዚክስ ኖቤል ሽልማትን ተጋርተዋል።

የተለያየ የሞገድ ርዝመት ያላቸው ብርሃኖች ሳይደባለቁ በአንድ ክር መጓዝ ስለሚችሉ እያንዳንዱ ሞገድ ራሱን የቻለ መስመር ሆኖ ያገለግላል። ለምሳሌ በአንድ ክር 80 ሞገዶች ቢያልፉና እያንዳንዳቸው በሰከንድ 100 ጊጋ ቢት ቢይዙ፣ አጠቃላይ አቅሙ በሰከንድ 8 ሺህ ጊጋ ቢት ይደርሳል። በመሆኑም አቅም ለማሳደግ ሁልጊዜ አዲስ ቦይ መቆፈር አያስፈልግም፤ ብዙ ጊዜ መሣሪያዎቹን ማሻሻል ይበቃል።

አቅም መኖሩ ብቻውን ግን መጨናነቅን አያስቀርም። መረጃን የሚያከፋፍሉት ራውተሮች በተለመደው አሠራር አጭሩን መንገድ ስለሚመርጡ አንዱ መስመር ሲጨናነቅ ሌላው ሥራ ሊፈታ ይችላል። በዚህ ጊዜ ባለሙያዎች የፍሰቱን ከፊል ወደ ሌላ መስመር ያዞራሉ፤ መዘግየትን ለማይችሉ የድምፅና የቪዲዮ ግንኙነቶችም ቅድሚያ ይሰጣሉ። የዕለት አማካይ አኃዝ የሥራ ሰዓትን መጨናነቅ ስለሚሸፍን መለኪያው ከፍተኛ አጠቃቀም የሚታይበት ሰዓት ሊሆን ይገባል።

አንዱ ለሌላው መጠባበቂያ የሆኑ እኩል አቅም ያላቸው ሁለት መስመሮች በዚህ ሰዓት እያንዳንዳቸው ከግማሽ በላይ መያዝ የለባቸውም። ባዶ የሚመስለው ግማሽ እንደ ብክነት ሊታይ ቢችልም፣ አንዱ መስመር በተቆረጠ ዕለት የሁለቱንም ጭነት የሚሸከመው ይኸው ቦታ ነው።

ይህም የሚሠራው መስመሮቹ በእርግጥ የተለያዩ ሲሆኑ ነው። በኔትወርክ ካርታ ላይ ሁለት ሆነው የሚታዩ መስመሮች በአንድ ቦይ ወይም በአንድ ድልድይ ላይ የሚያልፉ ከሆነ አንድ ቁፋሮ ሁለቱንም ሊበጥስ ይችላል። እ.ኤ.አ. ጥር 30 ቀን 2008 በግብፅ እስክንድርያ አቅራቢያ በሜዲትራኒያን ባሕር ሁለት የተለያዩ ዓለም አቀፍ ኬብሎች በአንድ ቀን በመቆረጣቸው በግብፅ፣ በባሕረ ሰላጤው አገሮችና በሕንድ የኢንተርኔት አገልግሎት ክፉኛ ተስተጓጉሎ እንደነበር ይታወሳል።

የባሕር በር የሌላት ኢትዮጵያ የባሕር ውስጥ ኬብሎችን የምታገኘው በጎረቤት አገሮች በኩል በሚያልፉ የየብስ መስመሮች በመሆኑ ጉዳዩ በቀጥታ ይመለከታታል። የመስመር ግዥ ወይም ኪራይ የሚያጸድቅ ኃላፊም ከዋጋና ከፍጥነት ባሻገር መስመሩ በሥራ ሰዓት ምን ያህል እንደሚያዝ፣ ቢቆረጥ ጭነቱን የትኛው መስመር እንደሚሸከም፣ ሁለቱም በየት በየት እንደሚያልፉ አስቀድሞ ማረጋገጥ ይጠበቅበታል።