የጓሳ ቄሮ ሥርዓት

በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ ከፍተኛ ቦታዎች የሚገኘውን የጓሳ ሣር ምድር በጋራ ለመጠበቅና ለመጠቀም የተዘረጋ አገር በቀል ሥርዓት። አጀማመሩ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እንደሆነ ይነገራል።

መሠረት፦ ባለመብቶቹ ዘራቸውን ከሁለት አቅኚ አባቶች፣ ከአስቦና ከጌራ ይቆጥሩ ነበር። የአንድ አባት ልጆች ነን ማለት በአንድ መሬት ላይ የጋራ ድርሻም የጋራ ግዴታም አለን ማለት ነበር። ሥርዓቱ ከኦርቶዶክስ ተዋሕዶ እምነት ጋር ተጣምሮ ስለኖረ፣ ደንብ መጣስ ወገንን መበደል ብቻ ሳይሆን ከታቦቱም መጣላት ነበር።

አሠራር፦ ሜዳው ለተከታታይ ዓመታት፣ አንዳንዴ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይዘጋ ነበር። በተከፈተ ጊዜ ሁሉም ማጭዱን ይዞ ይወጣ ነበር። ሣሩ ለቤት ክዳን፣ ለገመድና ለዝናብ መከላከያ ገሳ ይውላል። ደንቡን የሚያስከብረው ሕዝቡ የመረጠው መሪ ነበር።

ተዛማጅ ልማድ፦ የአንድነቱ መንፈስ በጽዋ ማኅበርም ይታያል። አባላት ማኅበሩ በሚጠራበት ቅዱስ ወርኃዊ በዓል በየተራ ይደግሳሉ፤ ካህኑ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል፤ ጠላው ይቀዳል። ደጅ የቆመ መንገደኛም «የእግዜር እንግዳ» ተብሎ ይገባል።

ኋላ ታሪክ፦ የ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ የቄሮን ሥርዓት አፈረሰው። ቆይቶ የአካባቢው ማኅበረሰብ በኮሚቴ ተደራጅቶ ጥበቃውን ቀጠለ። ዛሬ ጓሳ የቀይ ቀበሮና የጭላዳ መኖሪያ የሆነ የማኅበረሰብ ጥብቅ ስፍራ ነው።