የመንግሥት ተሽከርካሪዎች ምትክ ጎማ ግዥና ያለጊዜው የሚያልቅ ጎማ

የተሽከርካሪ ጎማ ያለጊዜው ሲያልቅ የተለመደው እርምጃ አዲስ የግዥ መጠየቂያ ማቅረብ ነው። ይሁንና አሮጌው ጎማ ከመወገዱ በፊት ሊመረመር ይገባል፤ ያለቀበት ሁኔታ የተሽከርካሪውን ጉድለት የሚያሳይ ማስረጃ ነውና። ጉድለቱ ሳይታረም የሚገጠም አዲስ ጎማም እንደ ቀድሞው በአጭር ጊዜ ያልቃል።

የጎማው ጥርስ በሁለቱ ጠርዞች ካለቀ በቂ ነፋስ ሳይኖረው መነዳቱን፣ መሃሉ ብቻ ከተላጨ ከልክ በላይ መሞላቱን ያመለክታል። በአንድ ጠርዝ ብቻ ሲያልቅ አላይመንቱ መዛባቱ ወይም ቴስቲናው መላላቱ፣ እዚህም እዚያም ሲጎደጉድ ደግሞ የሾክ አብዞርበር መድከም ወይም የባላንስ ጉድለት ይጠረጠራል። በመሆኑም ሹፌሩን በግዴለሽነት ከመጠየቅ በፊት ተሽከርካሪውን ጋራዥ አስገብቶ ማስመርመር ተገቢ ነው።

የነፋስ ልክ በተለይ ለመስክ ሥራ በሚሰማሩ ተሽከርካሪዎች ጥንቃቄ ይሻል። ከባሕር ጠለል በላይ 2 ሺህ 300 ሜትር ገደማ ከፍታ ባላት አዲስ አበባ የተሞላ ጎማ ወደ ሰመራ ሲወርድ በዙሪያው ያለው የአየር ግፊት ይጨምራል። በዚህም ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ መለኪያው 3 ፒ ኤስ አይ ያህል ዝቅ ብሎ ባሳየ ነበር። የቆላው ሙቀትና የጉዞው ግለት ግን ንባቡን ወደ ላይ ስለሚገፉት ጉድለቱ ተሸፍኖ ይቀራል። ስለዚህ ልኬቱ መካሄድ ያለበት ተሽከርካሪው በደረሰበት ቦታ አድሮ፣ ጠዋት ከመነሳቱ በፊት ነው። በመንገድ ላይ የጋለ ጎማ ማስተንፈስ ግን ጎማው ሲቀዘቅዝ ከልክ በታች እንዲሆን ያደርገዋል። ትክክለኛው ልክ አብዛኛውን ጊዜ በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ ተለጥፎ ይገኛል፤ በጎማው ጎን የተጻፈው ጎማው የሚችለው ከፍተኛ መጠን ነው።

በፕሮፎርማ መጠየቂያ ላይ «የፒክ አፕ ጎማ» ብሎ መጻፍ በቂ አይደለም። ለምሳሌ «265/65 አር 17 112 ኤስ» በሚለው መለያ 265 ስፋቱን በሚሊ ሜትር፣ 65 የጎኑን ቁመት ከስፋቱ በመቶኛ፣ «አር» ራዲያል መሆኑን፣ 17 የቸርኬውን ዲያሜትር በኢንች ይገልጻሉ። 112 አንዱ ጎማ እስከ 1 ሺህ 120 ኪሎ ግራም እንደሚሸከም፣ «ኤስ» እስከ 180 ኪሎ ሜትር በሰዓት እንደሚያስኬድ ያመለክታሉ። የጭነት መለያው ከተጠየቀው ያነሰ ጎማ ቸርኬው ላይ በልክ ሊገጥም ስለሚችል በዝቅተኛ ዋጋው ብቻ እንዳይመረጥ መጠንቀቅ ያስፈልጋል።

በርክክብ ወቅት ሞዴል 19 ከመቆረጡ በፊት የምርት ጊዜው መታየት አለበት። በጎማው ጎን ከሚገኙት 4 አኃዞች የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንቱን፣ የመጨረሻዎቹ 2 ዓመቱን ያሳያሉ፤ አቆጣጠሩም የጎርጎርዮስ ነው። «3017» የሚል ጎማ የተመረተው በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ነው። «17»ን እንደ 2017 ዓ.ም. የሚያነብ ተረካቢ ዓመታት ያስቆጠረውን ጎማ አዲስ ብሎ ሊቀበል ይችላል። ጎማ ሳይነዳም በፀሐይና በሙቀት ስለሚደርቅና ስለሚሰነጣጠቅ፣ በርክክብ ቀን ሊኖረው የሚችለው ከፍተኛ ዕድሜ አስቀድሞ በጨረታ ሰነዱ ላይ መሥፈር ይኖርበታል።

ጎማው ሲገጠም የኪሎ ሜትር ንባቡ፣ ቀኑና 4ቱ አኃዞች በተሽከርካሪው የታሪክ ማኅደር ይመዘገባሉ። ይህ ምዝገባ ከሌለ ጎማው ያለጊዜው ማለቁን ለአቅራቢውም ሆነ ለኦዲተር ማስረዳት አይቻልም።