የዝናብ ውኃና የጎረቤታሞች ሕግ



ክረምት በገባ ቁጥር በየሰፈሩ ከሚነሡት ክርክሮች አንደኛው የጠፈጠፍ ክርክር ነው። የላይኛው ጎረቤት አዲስ ቤት ሠርቶ የጣራውን ውኃ ወደ ታችኛው ግቢ ያወርዳል፤ የታችኛውም በበኩሉ ድንጋይ ክቦ መፍሰሻውን ይደፍናል። ሽማግሌዎች ይሰበሰባሉ፤ እነርሱም ካላስታረቁ ነገሩ ከዳኛ ፊት ይደርሳል። ይህ ክርክር ትንሽ መስሎ ይታይ እንጂ ዕድሜው እጅግ ረጅም ስለ ሆነ፤ ዛሬ ታሪኩን ባጭሩ ላወሳላችሁ አስቤአለሁ።

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ450 ዓመት ገደማ ሮማውያን ሕጋቸውን በ12 ሰሌዳዎች ጽፈው ሲያቆሙ፤ ጉዳት ስለሚያደርስ የዝናብ ውኃ የሚናገር ቃል አስገብተውበት ነበር። ከዚያ በኋላ የተነሡት የሕግ ሊቃውንት ያን አጭር ቃል ሲተረጉሙና ሲያራቅቁ ብዙ ዘመን ቆዩ፤ የጻፉትንም ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ533 ዓ.ም. ባወጣው ታላቅ የሕግ መድብል ውስጥ አሰባሰበው። ከነዚህ ሊቃውንት አንዱ ጳውሎስ (ሐዋርያው አይደለም፤ ሞክሼው ነው) የታችኛው መሬት የላይኛውን ውኃ እንዲቀበል የሚያስገድዱት ሦስት ነገሮች ናቸው ይላል፤ እነርሱም ለመሬቱ የተወሰነው ሕግ፤ የቦታው ተፈጥሮና የቆየ ልማድ ናቸው። ይሁን እንጂ ሸክሙ በታችኛው ላይ ብቻ የተጫነ አልነበረም። የላይኛው ሰው በእጁ በሠራው ሥራ ውኃው ከተፈጥሮው ይልቅ የበዛ ወይም የፈጠነ ሆኖ እንዲወርድ ቢያደርግ፤ ተከሶ ቦታውን ወደ ቀድሞው ሁኔታ እንዲመልስ ይገደድ ነበር።

እዚህ ላይ «የፈጠነ» የሚለውን ቃል ልብ እንድትሉልኝ እለምናችኋለሁ። ሮማውያን ሲሚንቶ ያልለበሰ ኮረብታ እያዩ የጻፉት ቢሆንም፤ የውኃው ብዛት ባይጨምር እንኳ ፍጥነቱ ብቻውን በደል መሆኑን ተረድተውት ነበር። በሣርና በቁጥቋጦ መካከል እያዘገመ የሚወርድ ዝናብ ከፊሉን መሬት ይጠጣዋል፤ የቀረውም ቀስ እያለ ይደርሳል። ከጣራና ከተነጠፈ ግቢ ላይ የወረደው ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ይመጣል።

ይህ ሕግ አንድ ጉድለት ነበረበት። ኡልፒያኖስ የተባለው ሊቅ እንደ ጻፈው፤ ይህ ክስ የሚቀርበው ውኃው እርሻን የጎዳ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ቤትን ወይም ከተማን ቢጎዳ በዚህ ክስ መከራከር አይቻልም፤ ባለቤቱ በጠፈጠፍ መብት በኩል ሌላ ክርክር መፈለግ ነበረበት። የፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ በ1804 ሲወጣ (ይህም እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአንቀጽ 640 የሮማውያኑን ሐሳብ ወሰደ፤ የታችኛው እንዳይገድብ፤ የላይኛው ሸክሙን እንዳያከብድ። በአንቀጽ 681 ደግሞ ማንም ሰው የጣራውን ውኃ በገዛ መሬቱ ወይም በመንገድ ላይ እንጂ በጎረቤቱ መሬት ላይ እንዳያፈስ አዘዘ። ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ያረቀቁት የ1952 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግም ስለ ውኃ ባለቤትነትና አጠቃቀም የሚናገር ክፍል አለው።

እነዚህ ሕጎች ሁሉ የሚመለከቱት ሁለት ጎረቤታሞችን ነው። የላይኞቹ ጎረቤቶች አሥር ሺሕ ቢሆኑ የታችኛው ሰው ማንን ይከሳል? የ100 ካሬ ሜትር ቆርቆሮ ጣራ 30 ሚሊሜትር ዝናብ ቢወርድበት 3,000 ሊትር ውኃ ያወርዳል፤ ይህም 15 በርሜል ነው። ከአንዱ ቤት የወረደው 15 በርሜል ማንንም አይገድልም።

ድሬዳዋን እንመልከት። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር ወደ ሐረር ተራራ መውጣት ስላልቻለ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ግርጌ ቆመ፤ ከተማዪቱም በዚያው ተቈረቈረች። ከዚራና መጋላ የሚባሉትን ሰፈሮች የሚለያቸው ደቻቱ ነው፤ ይህም የዓመቱን አብዛኛውን ጊዜ አሸዋ ብቻ ሆኖ የሚታይ ደረቅ ወንዝ ነው። እግረኛው ይሻገርበታል፤ ነጋዴው ዕቃውን ይዘረጋበታል፤ ቤት የቸገረውም ከዳሩ ይጠጋል። ሐምሌ 29 ቀን ለ30 አጥቢያ በ1998 ዓ.ም. በላይ በደጋው የዘነበው ዝናብ ዛፍ ከራቀው ተዳፋት ላይ ተንደርድሮ ወረደና ሰው በተኛበት ሰዓት ከተማው ደረሰ። ከ250 በላይ ሰዎች ሞቱ፤ ብዙ ሺሕም ያለ መጠለያ ቀሩ። ውኃው የሄደው በገዛ መንገዱ ነበር።

በዚያው በ1998 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር የፊላደልፊያ ከተማ አንድ ደንብ በሥራ ላይ አዋለች። ይህች ከተማ በ19ኛው ምዕተ ዓመት ብዙ ጅረቶቿን በጡብ ቱቦ ውስጥ ቀብራ መንገድና ቤት የሠራችባቸው ናት። በደንቡ መሠረት 1,400 ካሬ ሜትር ያህልና ከዚያ በላይ መሬት የሚነካ ግንባታ ሁሉ፤ በጠጣር ወለሉ ላይ የሚወርደውን የመጀመሪያውን 25 ሚሊሜትር ዝናብ በዚያው በቦታው እንዲያሰርግ ወይም ይዞ ቀስ እያለ እንዲለቅ ይገደዳል። በ2007 ዓ.ም. መጠኑ ወደ 38 ሚሊሜትር ከፍ ብሏል። በኔ አስተያየት የደንቡ ትልቁ ነገር ቁጥሩ ሳይሆን ከሳሽ የማያስፈልገው መሆኑ ነው፤ የግንባታውን ፕላን የሚመረምረው ሹም ገና መሠረቱ ሳይቈፈር ስለ ታችኛው ጎረቤት ይጠይቃል።

በደቻቱ ዳርና ዳር ከ1998ቱ ጎርፍ በኋላ የመከላከያ ግንብ ተሠርቷል። ግንቡ ውኃውን ከመንገዱ እንዳይወጣ ይይዘዋል፤ ፍጥነቱ የሚበርደው ግን ላይ በደጋው፤ በእርከንና በዛፍ ነው። ደጋው በኦሮሚያ ክልል በምሥራቅ ሐረርጌ ዞን፤ ከተማው ደግሞ በድሬዳዋ አስተዳደር ሥር ስለ ሆኑ፤ ዛሬ የላይኛውና የታችኛው ጎረቤት ሁለት መሥሪያ ቤቶች ናቸው።