ድንበር ላይ ማደግ፦ ወላጆችና ማኅበረሰብ አፍላ ወጣቶችን ለጤናማ ምርጫ እንዴት ያግዛሉ?

ከገዳሪፍ ከተማ ተነስቶ ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና ዶካን አቋርጦ ጋላባት ላይ ድንበር ይደርሳል። ከጋላባት ማዶ መተማ ዮሐንስ ናት። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተንጣለለው ጥቁር አፈር የሰሊጥና የማሽላ ምድር ነው። አዝመራው ሲደርስ የቀን ሥራ ፈላጊዎች ወደ እርሻዎቹ ይጎርፋሉ። ከእነርሱም መካከል ገና ጢማቸው ያላቀመቀመ ታዳጊዎች አሉ።

እንዲህ ባለ ሥፍራ የሚያድግ የ15 ዓመት ልጅ በአንድ የአዝመራ ወቅት ብዙ አዲስ ነገር ይገጥመዋል፦ በእጁ የገባ የመጀመሪያ ደመወዝ፣ ከወላጅ ዓይን የራቀ ሌሊት፣ «ቅመስ እንጂ» የሚል የሥራ ጓደኛ፣ «ሊቢያ አደርስሃለሁ» የሚል ደላላ። እሺ ወይም እምቢ የሚልበት ቅጽበት አጭር ነው። ለዚያ ቅጽበት የሚያስፈልገው ዝግጅት ግን ከወራትና ከዓመታት በፊት በቤትና በሰፈር የሚጀመር ነው። ይህ ጽሑፍ በድንበሩ አካባቢ ያሉትን አደጋዎች፣ የወላጆችን ሚናና የማኅበረሰቡን ድርሻ በተራ ይመለከታል።

የአካባቢው ልዩ ሁኔታ

ገዳሪፍ የሱዳን የእህል ጎተራ ናት፤ ለኢትዮጵያውያን ደግሞ የቆየች የስደት መንገድ ናት። ከዶካ ብዙም የማይርቀው የኡም ራኩባ መጠለያ በ1977ቱ ድርቅ ዘመን ኢትዮጵያውያን ስደተኞችን አስጠልሎ ነበር። ከዓመታት በኋላ ከተዘጋ ወዲያ፣ በ2013 ዓ.ም. በትግራይ ጦርነት ሲቀሰቀስ ዳግም ተከፈተ። በጥቂት ወራት ውስጥ ከ60 ሺህ በላይ ሰዎች ወደ ምሥራቅ ሱዳን ተሻገሩ፤ ቱናይድባ የተባለው መጠለያም በዚያው ዓመት ተቋቋመ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ውጊያ በተጀመረ ጊዜ የጉዞው አቅጣጫ ተቀየረ። ሱዳናውያን ቤተሰቦች ወደ ገዳሪፍ ሸሹ፤ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በገዳሪፍ ትምህርት ቤቶች የተፈናቃዮች ማደሪያ ሆኑ። ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጅ የሚያጣው ፊደልና ቁጥር ብቻ አይደለም። የቀኑን ሥርዓት፣ የሚከታተለውን መምህርና የሚያውቃቸውን እኩዮች ጭምር ያጣል። ባዶ የቀረውን ሰዓት ሌላ ነገር ይሞላዋል።

አፍላ ዕድሜ ምንድን ነው?

የዓለም ጤና ድርጅት ከ10 እስከ 19 ዓመት ያለውን ዘመን የአፍላ ወጣትነት ዕድሜ ይለዋል። በዚህ ዕድሜ ደስታንና አዲስ ነገርን የሚሻው የአንጎል ክፍል ቀድሞ ይነቃል። ነገርን የሚያመዛዝነውና ግፊትን የሚገታው የፊተኛው ክፍል ግን እስከ ሃያዎቹ አጋማሽ ድረስ መጎልመሱን ይቀጥላል። ስለዚህም አንድ ታዳጊ ቤቱ ተቀምጦ ሲጠየቅ እንደ አዋቂ ያስባል፤ ጓደኞቹ እያዩት ሲሆን ግን ያንኑ ማስተዋል ሊያጣው ይችላል።

ይህን መረዳት ለወላጅ ትልቅ ጥቅም አለው። ልጁ አደጋውን ስላላወቀ ብቻ አይደለም የሚሳሳተው፤ ብዙ ጊዜ እያወቀ ነው። እንግዲያው «ይህ ይገድላል» የሚል ምክር ብቻውን አይበቃም። የሚያስፈልገው በጓደኞች መካከል እያለ የሚመዘው የተዘጋጀ መልስ፣ እንዲሁም ፈተናው የሚበዛበትን ሰዓትና ቦታ የሚያሳንስ አካባቢ ነው።

የአእምሮ ጤናም ከዚሁ ጋር የተሳሰረ ነው። ከአእምሮ ሕመሞች ግማሽ ያህሉ የሚጀምሩት ከ18 ዓመት በፊት ነው። ጦርነትን አይቶ የተሰደደ ልጅ እንቅልፍ ቢያጣ፣ ቢቆጣ ወይም ዝም ቢል «ጠባዩ ተበላሸ» ከማለት በፊት ሐዘኑን መጠየቅ ይገባል። የሚያሰክርና የሚያደነዝዝ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገባው ባልተነገረ ሐዘን በር ነው።

በድንበሩ ላይ የሚያጋጥሙ አደጋዎች

ቶምባክና ሲጋራ። ቶምባክ በሱዳን በሰፊው የሚዘወተር፣ ከከንፈር ሥር የሚያዝ የትምባሆ ዱቄት ነው። ትምባሆው በአትሮን፣ ማለትም በተፈጥሮ ጨው ተለውሶ ስለሚዘጋጅ ኒኮቲኑ በፍጥነት ወደ ደም ይገባል። ካንሰር አምጪ ንጥረ ነገሮቹ በዓለም ከሚታወቁት ጭስ አልባ የትምባሆ ዓይነቶች ሁሉ ከፍተኛ መጠን ካላቸው መካከል ናቸው፤ ከአፍ ካንሰር ጋር ያለው ዝምድናም የታወቀ ነው። ጭስ ስለሌለው ወላጅ ቶሎ አይነቃበትም።

አልኮል፣ ጫትና አደንዛዥ ዕፆች። ሁለቱ አገሮች የተለያየ ሕግ አላቸው። በኢትዮጵያ አልኮልና ጫት በግልጽ ይሸጣሉ፤ ይሁንና አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ለማንኛውም ከ21 ዓመት በታች ለሆነ ሰው አልኮልም ሆነ ትምባሆ መሸጥን ይከለክላል። በሱዳን ጫት ክልክል ነው። አልኮልም እ.አ.አ. ከ1983 ጀምሮ ተከልክሎ ቆይቶ፣ በ2020 ክልከላው የላላው ሙስሊም ላልሆኑ ሰዎች ብቻ ነው። መተማ ላይ እንደ ዋዛ የሚታይ ነገር ጋላባት ላይ ልጅን ለእስር ሊዳርግ ይችላል። «አይስ» በሚል ስም የሚታወቀው አነቃቂ ዕፅም በቅርብ ዓመታት የሱዳን ቤተሰቦች ትልቅ ሥጋት ሆኗል።

ኤችአይቪና ያልታሰበ እርግዝና። ሰው በሚበዛበት፣ ገንዘብ በሚዘዋወርበትና መጠጥ ቤት በማይጠፋበት የድንበር ከተማ አደጋው ከፍ ይላል። ስለ ጉዳዩ ቤት ውስጥ ያልሰማ ልጅ ከመጠጥ ቤት ይማረዋል።

ያለዕድሜ ጋብቻ። በኢትዮጵያ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ የጋብቻን ዝቅተኛ ዕድሜ 18 ዓመት አድርጓል። እ.አ.አ. በ1991 የወጣው የሱዳን የግል ሁኔታ ሕግ ግን በዳኛ ፈቃድ ልጃገረድን ከ10 ዓመቷ ጀምሮ መዳርን ይፈቅዳል። ስደትና ድህነት ሲበረቱ ወላጆች ልጃቸውን የሚድሩት ብዙ ጊዜ ለክፋት ሳይሆን «ከመደፈር ትዳን» ብለው ነው። ይሁን እንጂ ገና ያልጠነከረ አካል የሚሸከመው እርግዝና ለእናቲቱም ለሕፃኑም የሕይወት አደጋ ነው።

ካላዛር። በእርሻ ሥራ ወቅት ሜዳ ላይ ወይም ከግራር ዛፍ ሥር የሚያድር ወጣት ይህን በሽታ በምታስተላልፈው ጥቃቅን ዝንብ ሊነከስ ይችላል። የሚረዝም ትኩሳት፣ ክብደት መቀነስና የሆድ ማበጥ ምልክቶቹ ናቸው። ካልታከመ በአብዛኛው ይገድላል፤ ኤችአይቪ ካለበት ሰው ላይ ሲደረብም ሕክምናው ይከብዳል። በመተማም ሆነ በገዳሪፍ ይህን በሽታ ለረጅም ዓመታት ያከሙ ሆስፒታሎች አሉ።

የደላላ መንገድ። «አሁን ሂድ፣ በኋላ ትከፍላለህ» የሚለው ማባበያ በእጁ ገንዘብ የሌለውን ልጅ ለመያዝ የተዘጋጀ ወጥመድ ነው። ዕዳው መንገድ ላይ የማስለቀቂያ ገንዘብ ይሆናል፤ የሚከፍለውም ቤቱን ወይም ከብቱን የሚሸጥ ቤተሰብ ነው።

ወላጆች ምን ማድረግ ይችላሉ?

በመጀመሪያ፣ ልጅ የት እንዳለ፣ ከማን ጋር እንደሆነና መቼ እንደሚመለስ ማወቅ። ጥናቶች እንደሚያሳዩት ወላጅ ስለ ልጁ ከሚያውቀው አብዛኛውን የሚያገኘው በመሰለል ሳይሆን ልጁ በፈቃዱ ከሚነግረው ነው። ስለዚህ የመጀመሪያዋ እውነት ስትነገር ወላጅ የሚሰጠው ምላሽ ቀሪውን ይወስናል። ልጅ «እማዬ፣ ትናንት ልጆቹ ቶምባክ ሰጥተውኝ ነበር» ቢል፣ ዱላ ያነሳች እናት ሁለተኛውን ታሪክ አትሰማም። «ስለነገርከኝ ደግ አደረግህ ልጄ፤ አንተስ ምን አልካቸው?» ያለች እናት ግን ነገም ትሰማለች። ይህ ማለት ሕግ አይኑር ማለት አይደለም። ቁርጥ ያለ ሕግ ከሞቀ ፍቅር ጋር ሲሄድ ከሁለቱ አንዱ ብቻ ካለበት ቤት የተሻለ ውጤት ያመጣል።

በሁለተኛ ደረጃ፣ እምቢታን አስቀድሞ ማለማመድ። ለታዳጊ በጓደኞቹ ፊት «አልፈልግም» ማለት ከባድ ነው። «አባቴ ሌሊት ለሥራ ይቀሰቅሰኛል» ወይም «እናቴ አፌን ታሸተኛለች» ማለት ግን ይቀላል። ወላጅ «በእኔ አሳብብ፤ ክፉው እኔ ልሁን» ብሎ ለልጁ አስቀድሞ ቢፈቅድለት ክብሩን ሳይነካ የሚያመልጥበት በር ይሰጠዋል።

ሦስተኛው የገንዘብ ጉዳይ ነው። ልጁ ወደ እርሻ ከመሄዱ በፊት ከደመወዙ ምን ያህሉ ለቤት፣ ምን ያህሉ ለትምህርት፣ ምን ያህሉ ለራሱ እንደሚሆን መስማማት ይሻላል። ሁሉንም የሚወስድ ወላጅ ልጁን ገቢውን መደበቅ ያስተምረዋል፤ ሁሉንም የሚተው ደግሞ ለመጠጥ ሻጭና ለደላላ ያጋልጠዋል። ከሁሉ የሚበጀው የትምህርት ዕድል እያለ ልጁን ከእርሻ ማስቀረት ነው። ኑሮ ግድ ካለ ከሚታወቅ ታላቅ ጋር ይሂድ፤ አጎበር ይያዝ፤ የቤተሰቡን ስልክ ቁጥር በቃሉ ይያዝ።

አራተኛው አርአያነት ነው። ልጁን «ሂድና ሲጋራ ግዛልኝ» የሚል አባት በኋላ የሚሰጠው ምክር ክብደት አይኖረውም። መተው ያቃተው ሰው እንኳ «እኔ በልጅነቴ ጀምሬ አልወጣሁበትም፤ አንተ አትጀምረው» ብሎ በሐቅ ቢናገር ይደመጣል።

ለሴት ልጆች የተለየ ትኩረት ያስፈልጋል። ውኃና ማገዶ የሚቀዳበትና የሚለቀምበት መንገድ፣ የወር አበባ መጠበቂያ እጦት፣ ትምህርት ያስቀረ የቤት ሥራ ሁሉም ከጤናዋ ጋር የተያያዙ ናቸው። ለእናቷ ለመናገር የምታፍር ልጅ የምታምናት አክስት ወይም ታላቅ እህት እንድትኖራት ማድረግ ይጠቅማል።

የማኅበረሰቡ ድርሻ

አንድ ቤት ብቻውን ልጅን አይጠብቅም። ለዚህ ሁለት ምሳሌዎችን ማየት ይበቃል።

የመጀመሪያው ከአማራ ክልል ነው። እ.አ.አ. ከ2004 እስከ 2006 በምዕራብ ጎጃም ይልማና ዴንሳ ወረዳ፣ ሞሰቦ በተባለ የገጠር መንደር «ብርሃነ ሔዋን» የተሰኘ ፕሮግራም ተሞከረ። ልጃገረዶች በቡድን ተሰባሰቡ፤ የትምህርት መሣሪያ ተሰጣቸው፤ የመንደሩ ሰው ስለ ጋብቻና ስለ ጤና ተወያየ፤ ልጃቸውን ሳይድሩ ለቆዩ ቤተሰቦችም ፍየል ተሰጠ። በውጤቱ ከ10 እስከ 14 ዓመት ያሉት ልጃገረዶች ከንጽጽር መንደሩ እኩዮቻቸው ይልቅ ትምህርት ቤት የመገኘት ዕድላቸው በሦስት እጥፍ ከፍ ያለ፣ የመዳር ዕድላቸውም አንድ አሥረኛ ያህል ብቻ ሆነ። ከ15 ዓመት በላይ ባሉት ዘንድ ግን ይህ ዓይነት ጥበቃ አልታየም። መፍትሔው ዘግይቶ ሲመጣ እንደማይሠራ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

ሁለተኛው ከሩቅ፣ ከአይስላንድ ነው። እ.አ.አ. በ1998 በዚያች አገር ከ15 እስከ 16 ዓመት ካሉ ተማሪዎች 42 ከመቶ የሚሆኑት ባለፈው አንድ ወር ውስጥ ሰክረው እንደነበር ተናግረው ነበር። በ2016 ቁጥሩ ወደ 5 ከመቶ ወረደ። በየቀኑ የሚያጨሱትም ከ23 ወደ 3 ከመቶ ቀነሱ። ለውጡን ያመጣው ስብከት ብቻ አልነበረም። ወላጆች በአንድ ሰፈር ተስማምተው የማታ መግቢያ ሰዓት አስከበሩ፤ ለስፖርትና ለሙዚቃ ገንዘብ ተመደበ፤ ልጆች ከወላጆቻቸው ጋር የሚያሳልፉት ጊዜ ጨመረ።

አይስላንድ ሀብታም አገር ናት፤ የዶካና የመተማ ወላጅ ያንን በጀት የለውም። ዋናው ነገር ግን ስምምነት ነው፤ ስምምነት ደግሞ ገንዘብ አይጠይቅም። «የእገሌ ልጅ እኮ እስከ እኩለ ሌሊት ይቆያል» የሚለው ክርክር የሚያበቃው የሰፈሩ ወላጆች አንድ ሰዓት ሲወስኑ ነው። ዕድርና ማኅበር ለቀብርና ለዝክር ሲሰበሰቡ ይህንኑ ሊወስኑ ይችላሉ። ቄሱና ሼኹ ስለ ዕፅና ስለ ልጅነት ጋብቻ በአንድ ቃል ቢናገሩ የሚሰማቸው ብዙ ነው። ባለሱቅ ለልጅ ሲጋራና ቶምባክ አልሸጥም ቢል፣ ባለእርሻ ታዳጊዎችን ከትልልቆቹ መጠጥ ለይቶ ቢያሳድር፣ መምህር ትምህርት ቤት በሌለበት እንኳ ከሰዓት በኋላ ልጆችን ለንባብና ለኳስ ቢሰበስብ የሰፈሩ ገጽታ ይለወጣል። ታዳጊዎቹ ራሳቸው በውሳኔው ቢሳተፉ ደግሞ ሕጉን የራሳቸው ያደርጉታል።

ስህተት ከተፈጸመ በኋላ

ልጅ ተሳስቶ ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር የወደፊቱን ይወስናል። ለኤችአይቪ ሊያጋልጥ የሚችል ግንኙነት ወይም ጥቃት ካጋጠመ ድንገተኛ መከላከያ መድኃኒቱ መጀመር ያለበት በ72 ሰዓት ውስጥ ነው፤ ቶሎ ሲሆን የበለጠ ይሠራል። በዱላ ፍርሃት የተደበቀ ልጅ እነዚህ ሰዓታት ያልፉበታል። ከእርሻ የተመለሰ ወጣት ትኩሳቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ «ወባ ነው» ብሎ ከመጠበቅ ስለ ካላዛር እንዲመረመር መውሰድ ያስፈልጋል። ወደ ዕፅ የገባን ልጅ ከቤት ማባረር ወደዚያው ዕፅ ሻጭ እጅ አሳልፎ መስጠት ነው።

ለወላጅ የሚመከረው የመጀመሪያ እርምጃ ቀላል ነው። ሠራተኞች ወደ እርሻ ከመውጣታቸው በፊት አንድ ማታ ቡና አፍልቶ ልጁን ማስቀመጥ፣ ምን እንደሚያጋጥመው መጠየቅና ሳያቋርጡ ማዳመጥ። ከዚያም አንድ ቃል ማስጨበጥ፦ «የትም ሁን፣ ምንም አድርግ፣ ከተቸገርክ መጀመሪያ ለእኔ ደውል፤ ቁጣው በኋላ ይደርሳል።»