የመጫወቻ መኪና በጎንደርና በሰሜን ጎንደር ደጋ

የመጫወቻ መኪና እውነተኛ ተሽከርካሪን በትንሹ የሚመስል፣ ልጅ በእጁ የሚገፋው፣ በረጅም ሽቦ የሚመራው ወይም በገመድ የሚጎትተው መጫወቻ ነው። በጎንደር ከተማና ከእርሷ በስተሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ፣ በዳባትና በደባርቅ በኩል በሚዘረጋው ደጋ ለረጅም ጊዜ የታወቀው፣ ከሱቅ የተገዛው ሳይሆን ልጆች ራሳቸው ከሽቦ፣ ከጣሳ፣ ከጭቃና ከእንጨት የሠሩት ነው። በአውሮፓና በአሜሪካ በልጅነት ያደረ የመኪና ፍቅር ብዙ ጎልማሶችን የድሮ መጫወቻዎች ሰብሳቢ ሲያደርጋቸው፣ በዚህ ደጋ ያው ፍቅር ልጆችን ሠሪ አድርጓቸዋል፤ በዚህም ምክንያት የአካባቢው መጫወቻ የሚገኘው በሰብሳቢ መደርደሪያ ላይ ሳይሆን በሠሪው ትዝታ ውስጥ ነው።

መንገዱ እንደ መነሻ

መኪና ወደ ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ እንግሊዛዊው ቤድ ቤንትሊ በ1900 ዓ.ም. ከጅቡቲ ወገን በረሃውን አቋርጦ አዲስ አበባ በደረሰ ጊዜ ሲሆን፣ የሰሜኑ ደጋ ግን ሞተርን በብዛት ያየው ከዚያ ሠላሳ ዓመት ገደማ ዘግይቶ በጣሊያን ወረራ ጊዜ ነው። በመጋቢት 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራ፣ በካሚዮን የተጫነ የጣሊያን ጦር ከኤርትራ ተነሥቶ ጎንደር ገባ፤ ወራሪዎቹም በተከታዮቹ ዓመታት ከአስመራ ተነሥቶ ተከዜን የሚሻገረውን፣ በሊማሊሞ ገደል እየተጠማዘዘ ወደ ደባርቅ የሚወጣውንና እስከ ጎንደር የሚዘልቀውን መንገድ አሠሩ። ጦራቸው በኅዳር 1934 ዓ.ም. በጎንደር እጁን ቢሰጥም መንገዱ፣ ካሚዮኑና የመካኒኩ ቋንቋ በአገሩ ቀሩ፤ ዛሬ በአማርኛ ጎማ፣ ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ጋቢና እየተባሉ የሚጠሩት የመኪና ክፍሎች ስማቸው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው።

ለልጆቹ ዓይን ደግሞ የመንገዱ አቀማመጥ ራሱ አስተማሪ ሆኗል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ፣ ደባርቅ ደግሞ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሚገኙ፣ የጫነ መኪና ዳገቱን፣ ይልቁንም የሊማሊሞን ኩርባዎች፣ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ መውጣት ግድ ይለዋል፤ በዚህ አዝጋሚ ጉዞ ከብት የሚጠብቅ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ልጅ የጋቢናውን ቅርጽ፣ የጎማውን ብዛት፣ የስፖንዳውን (የጭነት ማቀፊያ ግድግዳውን) አሠራርና ተሳቢው ከፊተኛው አካል ጋር የሚያያዝበትን መንገድ ለመመልከት ጊዜ ያገኛል። በኢትዮጵያ መንገዶች ለአሥርት ዓመታት የታየውና ሕዝቡ «ኤንትሬ» ብሎ የሚጠራው ፊያት 682 ኤን 3 የጭነት መኪና በዚህ ዓይነት በልጆች አእምሮ ከታተሙት አንዱ ነው።

ዓይነቶችና አሠራር

ልጆች የሚሠሯቸው መጫወቻዎች እንደሚገኘው ቁስ ይለያያሉ። በጣም ቀላሉ ቸርኬ ሲሆን፣ ይህም የጎማ ማቀፊያ ቀለበትን ወይም ያረጀ ጎማን በእንጨት እየመቱ ወይም በታጠፈ ሽቦ እየገፉ የሚሮጡበት ጨዋታ ነው። ኩሽኔታ የሚባለው ደግሞ ስሙን ያገኘው ከተሠራበት ዕቃ ነው፤ ቃሉ በሞተርና በጎማ ውስጥ ያለውን፣ በጥቃቅን የብረት ኳሶች ላይ የሚሽከረከረውን ቀለበት የሚያመለክት ሲሆን፣ ልጆች ከጋራዥ የተጣለውን ኩሽኔታ በሳንቃ ሥር ገጥመው ቁልቁለት ላይ ይቀመጡበታል። ይህ ጨዋታ ለስላሳ አስፋልት ወይም ሲሚንቶ ስለሚፈልግ ይበልጥ የከተማ ልጅ ጨዋታ ነው። በገጠር ክረምት ላይ እንደ ልብ ከሚገኘው ጭቃ የመኪና ቅርጽ ተበጅቶ በፀሐይ ይደርቃል፤ ይህ ግን ቶሎ ስለሚሰነጠቅ ዕድሜው አጭር ነው።

ከሁሉም ብልሃት የሚጠይቀው የሽቦ መኪና ነው። ሠሪው በመጀመሪያ ከወፍራም ሽቦ ሻንሲውን፣ ማለትም ሌላው ሁሉ የሚያርፍበትን መሠረት፣ ያጥፋል፤ በላዩም ጋቢናውንና ስፖንዳውን በቀጭን ሽቦ እያሰረ ያቆማል፣ ወይም በሽቦው ፋንታ የዘይትና የሰርዲን ጣሳ ቆርጦ አካል ያደርገዋል። ጎማው ከጠርሙስ ቆርኪ ወይም ካለቀ ነጠላ ጫማ ሶል ተቆርጦ በሽቦ ዘንግ ላይ ይሰካል። የፊተኛው ዘንግ ግራና ቀኝ እንዲዞር ሆኖ ከተያያዘ በኋላ እስከ ልጁ ወገብ የሚደርስ ረጅም ሽቦ ይቀጠልለትና ጫፉ በመሪ ቅርጽ ይከበባል፤ ልጁም ከኋላ እየሮጠ በመሪው ያሽከረክረዋል፣ የማርሹንና የክላክሱን ድምፅ በአፉ ያሰማለታል። ሥራው ሚዛንን፣ ልኬትንና የመሪን አሠራር ስለሚያስተምር ከመጫወቻነቱ በላይ የምሕንድስና መጀመሪያ ተብሎ ሊቆጠር ይችላል። ተመሳሳይ የሽቦ መኪና በብዙ የአፍሪካ አገሮች የሚሠራ ሲሆን፣ በማላዊ «ጋሊሞቶ» ይባላል፤ ቃሉም በቺቼዋ ቋንቋ መኪና ማለት ነው።

ከመጫወቻነት ወደ ስብስብ

የድሮ መጫወቻ መኪና መሰብሰብ እንደ መዝናኛ ሥራ የተስፋፋው ፋብሪካዎች ከቀለጠ ብረት በቅርጽ እያፈሰሱ በብዛት ካመረቷቸው መኪኖች ጋር ነው። የእንግሊዙ ሜካኖ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1934 ዲንኪ የሚለውን ስም ለምርቶቹ ሰጠ፤ ሌስኒ የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1953 ማችቦክስን፣ ሜቶይ በ1956 ኮርጊን፣ የአሜሪካው ማቴል በ1968 ሆት ዊልስን ለገበያ አቀረቡ። የማችቦክስ አጀማመር ራሱ ከልጅ ፍላጎት የተነሣ ነው፤ የኩባንያው ባለሙያ ጃክ ኦደል የሴት ልጁ ትምህርት ቤት ከክብሪት ሳጥን የማይበልጥ መጫወቻ ብቻ ይፈቅድ ስለነበር በሳጥኑ ልክ አንድ ትንሽ የመንገድ መዳመጫ ሠራላት።

እነዚህን መጫወቻዎች የሚሰበስቡ ሰዎች ብዙ ጊዜ የሚፈልጉት በልጅነታቸው የነበራቸውን ወይም ተመኝተው ያጡትን ሞዴል ነው። ዋጋውን የሚወስኑት ቀለሙ አለመነካቱ፣ ጎማው የመጀመሪያው መሆኑና ከሁሉም በላይ የተሸጠበት ሳጥን አብሮት መገኘቱ ነው፤ ይህም ማለት ልጅ ያልተጫወተበት መጫወቻ የበለጠ ይከበራል። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ብዙዎቹ ዲንኪዎች ደግሞ በዚንኩ ውስጥ በተቀላቀለ እርሳስ ምክንያት ከውስጥ እየተሰነጠቁ ስለሚፈርሱ፣ ጤነኛ ሆኖ የተረፈው ብርቅ ነው።

የጥበቃ ጉዳይ

በኢትዮጵያ ሰብሳቢው ሌላ ሁኔታ ይገጥመዋል። ከእውነተኞቹ መኪኖች ቮልስ ተብሎ የሚጠራው ቮልስዋገንና ሰይቼንቶ የሚባለው ፊያት 600 በሌላው ዓለም የስብስብ ዕቃ ሲሆኑ፣ በኢትዮጵያ ግን አዲስ መኪና ከቀረጡ የተነሣ ውድ በመሆኑ እየተጠገኑ ለረጅም ዘመን በሥራ ላይ ቆይተዋል። የሽቦ መኪናም የዚሁ የቁጠባ ልማድ ተካፋይ ነው፤ ልጁ ሲሰለቸው ወይም ሲያድግ ይፈታል፣ ሽቦውም አጥር ለማሰር ወይም ሌላ መኪና ለመሥራት ይውላል። ከውጭ የሚገቡ የፕላስቲክ መጫወቻዎች ዋጋቸው ሲቀንስ ደግሞ ለመሥራት የሚገፋፋው እጦት እየላላ ሄዷል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በስድስት ኪሎ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የሚገኘው የኢትኖሎጂ ሙዚየም ትርኢቱን በሰው የሕይወት ደረጃዎች ከፋፍሎ ልጅነትንና የልጆችን ጨዋታ የመጀመሪያው ምዕራፍ ማድረጉ፣ መጫወቻ እንደ ጦር፣ እንደ ጋሻና እንደ እርፍ የታሪክ ማስረጃ ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። የሰሜን ጎንደርን መጫወቻ ለመሰብሰብ ግን የዲንኪና የማችቦክስ መለኪያ አያገለግልም፤ የሽቦ መኪና ሳጥን የለውም፣ ያልተጫወቱበትም አይገኝም። የዚህ ደጋ ስብስብ ዋጋ የሚኖረው የሠሪው ስም፣ የተሠራበት ቀበሌና ዓመት፣ እንዲሁም ልጁ ከመንገድ ዳር ቆሞ አይቶ የቀዳው መኪና ዓይነት ከዕቃው ጋር አብረው ሲመዘገቡ ነው።