የአያቶቻችን ነጠላ፣ የልጆቻችን ሂጃብ



በቅርቡ ከመግሪብ ሶላት በኋላ አንዲት የመድረሳችን ተማሪ የአያቷን አሮጌ ፎቶ በስልኳ አሳየችን። አያቷ የሀገር ልብስ ቀሚስ ለብሰው ነጠላቸውን ከራሳቸው ወደ ደረታቸው ጥለውታል። ከግንባራቸው በላይ ሹሩባቸው ትንሽ ይታያል። "ያኔ ዲን አልነበረም ማለት ነው?" ብላ ጠየቀችን። ጥያቄው የብዙዎቻችሁ ስለሆነ መልሱን እዚህ ልንጽፈው ወደድን።

መጀመሪያ ነጠላውን ማን እንደሠራው እንጠይቅ። በቀዳማዊ አፄ ዮሐንስ ዘመን፣ በ1668 እ.ኤ.አ.፣ ጎንደር ላይ የተቀመጠ ጉባኤ ሙስሊሞች ከክርስቲያኖች ተለይተው እንዲሰፍሩ ወሰነ። ሙስሊሙ ርስት አልነበረውም። መሬት የተከለከለ ሰው ደግሞ በእጁና በእግሩ ያድራል፤ አባቶቻችንም ሸማኔና ሲራራ ነጋዴ ሆኑ። እናቶቻችን በእንዝርት ፈተሉ፣ አባቶቻችን ሸመኑ። ያንን ነጠላ ክርስቲያኗም ሙስሊሟም ለበሰችው። ልብሱ አንድ ነበር፤ የሚለያቸው አንገት ላይ ያለው ማተብ ነበር።

ከዚያ የከፋው ቀን መጣ። ደብረ ታቦርን ከመቀመጫ ከተሞቻቸው አንዷ ያደረጉት አፄ ዮሐንስ አራተኛ፣ በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ በኋላ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ አዘዙ። ገሚሱ ተሰደደ። ገሚሱ ቀን ክርስቲያን መስሎ ሌሊት ሰገደ። በዚያ ዘመን አንዲት ሙስሊም ሴት በልብስ ተለይታ ገበያ ብትወጣ ምን ይደርስባት እንደነበር አስቡት። ዲኗን የያዘችው በልቧና በቤቷ ውስጥ ነው።

ልብሱ የተለወጠው ሕጉ ሲለወጥ ነው። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሙስሊሞች ታላቅ ሰልፍ ወጡ። "በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሙስሊሞች" መባላችን ቀርቶ "ኢትዮጵያውያን ሙስሊሞች" እንድንባል ጠየቁ። በ1967 ዓ.ም. ሦስቱ በዓሎቻችን ብሔራዊ በዓል ሆኑ፤ የካቲት 25 ቀን የወጣው የገጠር መሬት አዋጅም መሬት ለአራሹ በሃይማኖት ሳይለይ እንዲደርስ አደረገ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 27 እምነትን በግልጽ የመግለጽ መብት አጸና። ኪታብ በብዛት ገባ፣ የሐጅ መንገድ ሰፋ፣ እህቶቻችን ወደ ጅዳና ዱባይ ለሥራ ወጡ። ሂጃብና አባያም ከዕውቀቱና ከንግዱ ጋር ደጋው ላይ ደረሱ።

ስለዚህ ሁለት ስሕተቶችን እንተው። አንደኛው "ሂጃብ የዐረብ ባህል ነው" የሚለው ነው። ሱረቱ አን-ኑር 31ኛው አያ ሴት የራሷን መሸፈኛ ደረቷ ላይ እንድትጥል ያዛል፤ የጨርቁን ሀገርም ቀለምም አልጠቀሰም። ሁለተኛው "አያቶቻችን ዲን አልነበራቸውም" የሚለው ነው። ሹሩባው መታየቱ ትክክል ነው አንልም። ነገር ግን የመማሪያ በር ተዘግቶባቸው፣ በነጠላቸው የቻሉትን ሸፍነው፣ ከሁሉ በላይ ላ ኢላሀ ኢለላህን ለእኛ አስረክበዋል። እነሱ ባይጸኑ ኖሮ ዛሬ ሂጃብ የምትለብስ የልጅ ልጅ ከየት ትመጣ ነበር?

አያቶቻችሁ በሕይወት ካሉ ዛሬ ሂዱና እጃቸውን ሳሙ። ነጠላቸውን ማን እንደፈተለው፣ ፋቲሓን ከማን እንደተማሩ ጠይቋቸው። ለሞቱት አላህ ይዘንላቸው፣ ቀብራቸውን ኑር ያድርግላቸው። አሚን።